የግራው ጎማ

ሁለት ነበሩ፣ ሁለት ነው የገዛው፣ አንድ ለቀኝ አንድ ለግራ፣ ታዲያ ይቺ ሽቦ እዚህ ምን ትሠራለች፣ ብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ በቆርቆሮ ክዳን ውስጥ ተኝታ፣ አዲስ፣ ያልታጠፈች፣ ግራሶ ያልነካት፣ መኪናዋ ደግሞ ሄዳለች። ከአርባ ደቂቃ በፊት ሄዳለች። ልጁ መሪውን ይዛ፣ ሚስቱ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ስፖርት መኪና ናት፣ ሦስተኛ ወንበር የላትም፣ ስለዚህ እሱ በሩን ከፍቶላቸው እጁን እያውለበለበ ቀረ፣ መንገዱ ጫፍ ላይ ጥሩምባዋን ሁለቴ አሰሙለት፣ ከዚያ ጋራዡን ልጥረግ ብሎ ገባ፣ መጥረጊያውን አነሳ፣ ክዳኑን አየ።

ተረጋጋ። አስብ። ሽቦዋን በሁለት ጣቱ ያነሳታል፣ ከክብሪት እንጨት አትበልጥም፣ ሁለት እግር አላት፣ ሥራዋም ቀላል ነው፣ የመሪው ዘንግ ጎማውን የሚይዝበት ቦታ ላይ አንድ ቡሎን አለ፣ ቡሎኑን ዳዶ ያጠብቀዋል፣ ዳዶው በመንቀጥቀጥ እየላላ እንዳይወጣ ይቺ ሽቦ በቀዳዳው ታልፍና እግሮቿ ይታጠፋሉ፣ በቃ፣ ይኸው ነው፣ ያለሷ ዳዶው ዛሬውኑ ላይወልቅ ይችላል፣ ሜዳ ላይ ቢሆን ሳምንትም ሊቆይ ይችላል፣ ግን ቁልቁለት ነው፣ አርባ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት፣ ኩርባ በኩርባ፣ እያንዳንዱ ኩርባ ዳዶውን ትንሽ ትንሽ ያዞረዋል፣ አንዱ ጋ ሲደርስ ዘንጉ ይወርዳል፣ መሪው ባዶውን ይሽከረከራል፣ ጎማው የራሱን መንገድ ይመርጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ መሪና ፍሬን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፣ ስንቱን ሠራተኛ አስለቅሷል፣ ሽቦ ሳያደርግ የወጣ ሰው እኔ ዘንድ ነፍሰ ገዳይ ነው ይል ነበር፣ እንዲህ ነበር የሚለው፣ ቃል በቃል።

አስገብቷታል። ማስገባቱን ያስታውሳል እኮ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ፒንሳው በእጁ፣ አንዱን እግር ወደ ላይ አጥፎ ሌላውን በአጭሩ ቆርጦ፣ ቁራጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ፣ ይሄ ትዝታ ነው፣ ጥርት ያለ ትዝታ ነው፣ ግን የትኛው፣ የቀኙ ነው የግራው፣ የዚች መኪና ነው የአውቶቡስ፣ የዚህ ሳምንት ነው የዛሬ ሃያ ዓመት፣ በዕድሜው ስንት ሺህ ሽቦ አጥፏል፣ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ሁሉም ውስጥ እሱ በጀርባው ተኝቷል፣ ሁሉም ውስጥ ቁራጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል።

ግድግዳው። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፎታል፣ የሚሠራውን ሁሉ ይጽፋል፣ ሲጨርስ ጎኑ ላይ ጭረት ያደርጋል፣ ይሄው፣ መሪ ቀኝ፣ ጭረት፣ መሪ ግራ፣ ጭረት። የራሱ ጭረት ነው፣ ወደ ቀኝ ዘመም ያለ፣ ማንም አያስመስለውም። ትንፋሹ መለስ ይልለታል፣ ወዲያው ደግሞ ይጠፋል፣ ዘይቱ ጎንም ጭረት ነበረ፣ ባለፈው ወር፣ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ቡሎን አጥብቄያለሁ ብሎ ጭረት አድርጎ አምስት ሊትር አዲስ ዘይት ከላይ ሲያንቆረቁር ከታች ይወጣ ነበር፣ ጫማው ሲርስ ነው ያወቀው፣ ቡሎኑ ኪሱ ውስጥ ነበር። ኪሱ ውስጥ። ሰጋቱራ በተነበት፣ ጠረገው፣ እንደገና በተነበት፣ ሚስቱ ምን ሸተተኝ ስትል ጣሳው ተገለበጠብኝ አላት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት በትዳር ሲኖር ደመወዙን ዋሽቷት አያውቅም፣ አመሻሽቶ ሲገባ የት እንደነበር ዋሽቷት አያውቅም፣ ዘይት ዋሻት።

ሌላም አለ፣ ሌላ ነገር የለም፣ አለ። መኪናዋን የቀባለትን ቀለም ቀቢ አንድ ነገር ጠየቀው፣ ስለ በሯ ቀለም፣ ሰውየው መለሰለት፣ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ጠየቀው፣ ሰውየው አሁን ነግሬህ የለ እንዴ አላለም፣ ቀስ ብሎ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ አድርጎ ደገመለት፣ ያ ልስላሴ ነው ያስደነገጠው፣ ቢቆጣው ይሻለው ነበር።

አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አሁን ስለ አባቱ ማሰብ የለበትም፣ ጊዜ የለም፣ ግን ይመጣሉ፣ ሸሚዙን ይዘው ይመጣሉ፣ እንካ ለካው ልጄ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ጭንቅላቱን ቢያስገባ አይገባም፣ የአንገቱን ቀዳዳ ገጥመው ሰፍተውታል። እናቱ ምንም ሳትል ተቀብላው ወደ ውስጥ ገባች፣ ስትተረትረው መቀሷ ይሰማ ነበር፣ አባቱም ይሰሙ ነበር። ያኔ ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። እሱ ስድሳ ሦስት ሞልቶታል። ተወው፣ ስልኩን አውጣ።

ሚስቱ ጋ ይደውላል፣ ስልኳ ማዕድ ቤት ውስጥ ይጮሃል፣ ቻርጅ ላይ ሰክታው ሄዳለች፣ ይኸው እሷም ትረሳለች፣ ሰው ሁሉ ይረሳል፣ ስልክ መርሳትና ሽቦ መርሳት ግን አንድ አይደለም። ልጁ ጋ ይደውላል፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አታነሳም፣ እንዴት ታነሳለች፣ መሪ ይዘሽ ስልክ ብታነሺ ሁለተኛ ቁልፍ አላስነካሽም ያላት ማን ነው፣ እሱ ራሱ ነው፣ እሷ ደግሞ ያስተማሯትን የማትረሳ ልጅ ናት፣ አለቃ ነው የሚላት፣ በአራት ዓመቷ ጋራዥ ድረስ መጥታ ወገቧን ይዛ አባዬ ይሄ ንጹሕ አይደለም ካለችው ቀን ጀምሮ አለቃ ናት፣ አሁን ሃያ ዘጠኝ ሆናለች፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፣ የሰው ደም በማጉያ መነጽር ስታይ ትውላለች፣ ቅዳሜ ሲሆን ቱታ ለብሳ ከሱ ጋር ዝገት ትፍቃለች። ዛሬ እናቷን ይዛ አክስቷ ዘንድ መውረዷ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በብርቱካንማዋ መኪና። አንሺ አለቃ። አንድ ጊዜ ብቻ ያልኩሽን አትስሚ።

አታነሳም።

ሽቦዋን ኪሱ ይከታል፣ ይሮጣል፣ መሮጥ ከተባለ፣ ጉልበቱ እሺ አይለውም፣ ቀለም ቀቢው ሁለት ቤት አልፎ ነው፣ ሰፈሩ ቀለሜ ይለዋል፣ በትምህርቱ ሳይሆን በቀለሙ፣ ፒካፕ አለው፣ በሩ ላይ ቆሞ የእጁን ቀለም በቤንዚን ያስለቅቃል፣ ጋሼ ምነው፣ ላብ በላብ ሆነሃል። መኪናህ ቤንዚን አላት፣ አላት፣ እነ አለቃን እንከተላቸው፣ ቶሎ፣ ምን ረሱ፣ ይሄኔ ነው መናገር፣ አፉን ይከፍታል፣ የሚወጣው ሌላ ነው፣ መድኃኒት፣ የባለቤቴን መድኃኒት። ኪሱን ይነካል። ቀለሜም ኪሱን ያያል፣ መድኃኒት ከሆነማ እንሂድ ይላል፣ እጁን ሱሪው ላይ ያብሳል፣ ሁለተኛ ውሸት፣ ከዘይቱ ቀጥሎ።

ፒካፑ እያቃሰተ ከሰፈር ይወጣል፣ ገበያው ጋ ሰው ይሻገራል፣ እንዴት ቀስ ብሎ ይሻገራል፣ ጋሪ የሚገፋ ሰው መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ጫማውን ያስራል፣ ጥሩምባ ንፋበት፣ ጋሼ ሰውየው ጫማውን እያሰረ እኮ ነው፣ ንፋበት። ከዚያ የከተማው መጨረሻ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው፣ የትምህርት ቤቱ አጥር፣ ከዚያ መንገዱ ወደ ታች ይታጠፋል። አንድ ኩርባ። አስፋልቱን ያያል፣ ዳዶ ይፈልጋል፣ በስድሳ ኪሎ ሜትር እየሄደ አስፋልት ላይ የወደቀ ዳዶ የሚፈልግ ሰው፣ አብደሃል፣ ሁለት ኩርባ፣ የግራው የፊት ጎማ ኩሽኔታ ይጮሃል፣ የዚህ የፒካፑ፣ ጆሮው አሁንም ይሰማል፣ ጆሮው ጤነኛ ነው፣ ጆሮና እጅ ምንም አልሆኑም፣ ታዲያ የሆነው ምኑ ነው።

ቀለሜ ያወራል፣ ያን ቀለም ስቀባት ሦስት ጊዜ ነው የደገምኩት ጋሼ፣ ሁለተኛው ላይ ትንኝ አረፈችበት፣ ትዝ ይልሃል፣ አዎ ይላል፣ ትዝ ይለው እንደሆነ አያውቅም፣ አዎ ማለትን ለምዷል፣ ሰው ትዝ ይልሃል ሲለው ወዲያው አዎ ይላል፣ ፈጥኖ፣ ሳያስብ፣ ሰውየው ፊቱን እንዳያይበት። ሦስት ኩርባ።

አራት ዓመት። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ነው ያገኛት፣ የዶሮ እርባታ ግቢ ውስጥ፣ ዶሮዎቹ የሾፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር፣ ወለሏን ዝገት በልቶት ከውስጥ ሆኖ ሲያዩ መሬት ይታያል፣ መብራቷ ተሰብሯል፣ ያ ረጅም አፍንጫዋ ግን፣ ከጃፓን ከወጣች ሃምሳ ዓመት ያለፋት መኪና አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ዶሮ መሃል ቆማለች፣ ሳቀ፣ ሚስቱ አልሳቀችም፣ ሁለተኛ ሚስት ልታገባብኝ ነው አለች፣ ከዚያ እሷም ሳቀች። ላሜራ እየቆረጠ ወለሏን በየደ፣ የቤንዚን ታንከሯን ፈትቶ ጠጠር ከትቶ ሲነቀንቅ ዋለ፣ ዝገቱ እንደ ቡና ዱቄት እየሆነ ወጣ፣ ለበሮቿ ጎማ ስድስት ወር ጠበቀ፣ ሁለቱን ካርቡራተር እኩል ለማድረግ ቀጭን ቱቦ ጆሮው ላይ ሰክቶ ትንፋሻቸውን አዳመጠ፣ አንዴ የዚህን አንዴ የዚያን፣ እስኪመሳሰሉ፣ አለቃ እንደ ሐኪም ነህ አለችው፣ ይሄ ሁሉ ለምን፣ ሚስቱንና ልጁን አሳፍሮ ገደል ሊሰድድ። አራት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ። ሰባት ኩርባ፣ ስምንት፣ ቆጠራው ጠፋበት፣ ጠፋበት ወይስ ፍርሃት ነው፣ ፍርሃት ነው፣ ማንም ሰው ቢፈራ ይጠፋበታል።

ንገረው። ቀለሜ፣ መድኃኒት አይደለም በለው። ቀለሜ፣ ይላል። አቤት ጋሼ። ይሄ ኩሽኔታህ አልቋል፣ ይላል።

ከዚያ ሰልፍ። ከፊት መኪኖች ቆመዋል፣ የፍሬን መብራት በፍሬን መብራት፣ ሰዎች ከመኪና ወርደው ወደ ኩርባው ይሄዳሉ፣ አንዳንዶቹ በመንገዱ ጠርዝ ቆመው ወደ ታች ያያሉ። ወደ ታች። እግሩ ከሱ ቀድሞ ይወርዳል፣ ጋሼ ቆይ፣ ጋሼ መኪና ይመጣል፣ አይሰማም፣ በመኪኖቹ ጎን ይሄዳል፣ እጁን በየመኪናው እየደገፈ፣ ብረቱ ሞቋል፣ ሰዎች ምን እንደሚሉ አይሰማውም፣ ብርቱካንማ ይፈልጋል፣ ብርቱካንማ ባያይ ይለምናል፣ ማንን እንደሚለምን አያውቅም፣ አባቴ ባይሞቱ ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር፣ ሚስቱን ያያታል፣ ጠዋት በር ላይ፣ የልጇን የፀሐይ መነጽር አድርጋ፣ በሕይወቷ አድርጋ አታውቅም፣ እንዴት ነኝ ሰውዬው አለችው፣ ሰውዬው ነው የምትለው ሲደላት፣ የባንክ ዘራፊ መስለሻል አላት፣ የመጨረሻው ቃሉ ይሄ ነው፣ የባንክ ዘራፊ። ሰው ይገፋል፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ጠርዙ ጋ ይደርሳል፣ ወደ ታች ያያል።

ፍራሽ ነው።

የስፖንጅ ፍራሽ፣ ብዙ ፍራሽ፣ አረንጓዴና ሮዝ፣ ገደሉ ላይ ተበትኖ፣ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቅሎ፣ የጭነት መኪናው ራሱ ምንም አልሆነም፣ ገመዱ ተበጥሶ ነው፣ ሾፌሩ ጭንቅላቱን ይዞ ቆሟል፣ ሁለት ሰዎች አንዱን ፍራሽ ይዘው ወደ ላይ ሲወጡ ሌላው ይስቅባቸዋል። የመንገዱን ጠርዝ አጥር ይይዛል። ከጎኑ የቆመውን ሰውዬ ብርቱካንማ መኪና አይተህ ነበር ይለዋል፣ ድምፁ የሌላ ሰው ነው፣ ትንሽዬ ናት፣ ባለ ሁለት በር፣ ያቺን እንዴት አላይ፣ ይላል ሰውየው፣ ገመዱ ሳይበጠስ አልፋለች፣ ሴት ልጅ ነች የምትነዳት፣ እናትየው ጥቁር መነጽር አድርገው እጃቸውን አውለበለቡልን፣ ያንተ ናት እንዴ። የኔ ናቸው፣ ይላል። ሰውየው አይገባውም።

ስለዚህ እስከዚህ ደርሰዋል። ዳዶው እስከዚህ ይዟል። እስከዚህ መያዙ ግን የባሰ ነው፣ ሽቦዋ ካልገባች ዳዶው እስካሁን ብዙ ዞሯል ማለት ነው፣ የቀረው ትንሽ ነው ማለት ነው። ወደ ፒካፑ ይመለሳል፣ ቀለሜ በፍራሾቹ መሃል ያሳልፈዋል፣ አሁን አያወራም፣ አንዴ ወደሱ ያያል፣ ኪሱ ላይ የተጣበቀውን እጁን ያያል፣ እግሩን ነዳጁ ላይ ይጨምራል፣ ፒካፑ ይንቀጠቀጣል፣ ጋሼ፣ ይላል ቀስ ብሎ፣ ያ ልስላሴ እንደገና፣ መድኃኒቱ ከባድ ነው እንዴ። ከባድ ነው፣ ይላል። ኩርባ፣ ኩርባ፣ ድልድይ፣ ኩርባ።

ያያታል። መጀመሪያ ቀለሟን ነው የሚያየው፣ ነዳጅ ማደያው ጋ፣ ዛፍ ሥር፣ ቆማለች፣ በአራት ጎማዋ ቆማለች፣ ሦስት አራት ሰው ከቧት በስልክ ፎቶ ያነሳታል፣ ካፌው ደጃፍ ሚስቱ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትልጣለች፣ መነጽሩ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል፣ ልጁ ውኃ ይዛ ትመጣለች፣ በሕይወት አሉ፣ ሙዝ ይበላሉ። ፒካፑ ሳይቆም በሩን ይከፍታል።

አባዬ፣ ትላለች አለቃ፣ አባዬ ምን ሆንክ። ከሚስቱ እጅ የሙዙ ልጣጭ ይወድቃል። ፎቶ የሚያነሱትን አልፎ በግራ በኩል መሬት ላይ ይተኛል፣ በደህና ሱሪው፣ ጠጠሩ ጀርባውን ይወጋዋል፣ ከጎማው ኋላ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ትከሻውን ያሾልካል፣ ሞተሩ አሁንም ሙቀት ይተፋል፣ የስልኩን መብራት ያበራል፣ በሁለት እጅ ያዘው፣ ዘንጉ፣ ቡሎኑ፣ ዳዶው።

አለች።

ገብታለች። አንዱ እግር ወደ ላይ ታጥፎ፣ ሌላው በአጭሩ ተቆርጦ፣ እሱ እንደሚያጥፈው፣ ሌላ ሰው ሁለቱንም ወደ ጎን ነው የሚያጥፈው፣ እንዲህ የሚያጥፍ እሱ ብቻ ነው፣ ፊርማው ማለት ነው። በጣቱ ይነካታል፣ አትነቃነቅም። ወደ ቀኙ ዞሮ ያበራል፣ ያቺም አለች። ሁለቱም አሉ። ጭንቅላቱን ጠጠሩ ላይ ያሳርፋል፣ ትንፋሹ ይወጣል፣ አለቀ፣ ተረፉ፣ አስገብቷት ነበር፣ በከንቱ ነው ያበደው።

ከጫማዎቹ መሃል የሚስቱ ድምፅ ይመጣል፣ ምንድን ነው ነገሩ፣ ቀለሜ መድኃኒትሽን ረስተሽ ነው ይላል፣ የምን መድኃኒት፣ ትላለች፣ እኔ መድኃኒት አልወስድም። ከታች ሆኖ ጫማ ብቻ ነው የሚታየው፣ የቀለሜ ቀለም የነካው ጫማ፣ የአለቃ ነጭ ስኒከር፣ የሚስቱ ጥቁር አጭር ተረከዝ።

አለቃ ቁጢጥ ትላለች፣ ጉልበቷ ይታያል፣ ከዚያ ፊቷ፣ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ የግራውን ነው የምታየው አባዬ፣ የመሪውን፣ ትላለች። አዎ። ሐሙስ አስገባነው እኮ አባዬ። አስገባነው። አንተ ከሥር ነበርክ፣ እኔ መብራት ይዤልህ፣ ሦስት ነበር የገዛኸው፣ አንዷ ትቀመጥ ለመጠባበቂያ አልከኝ፣ እኔ ነኝ ክዳኑ ውስጥ ያደረግኳት።

ሦስት። ሁለት ነበሩ። ሦስት ነበሩ።

ሐሙስን ይፈልጋል። ረቡዕ አለ፣ ረቡዕ ጎማ ለማስነፋት ሄዷል፣ ዝናብ ነበር፣ የጎማው ሰውዬ ጥርሱን አሞት ጉንጩን አስሮ ነበር፣ ዓርብ አለ፣ ዓርብ መስተዋቶቿን በጋዜጣ ወልውሏል፣ በመሃል ግን፣ በመሃል ወለሉ የለም፣ መሬት ይታያል። አለቃ አጠገቡ ነበረች፣ መብራት ይዛ ነበረች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሆናል፣ ከልጁ ጋር የነበረ አንድ ሰዓት፣ እጁ ሠርቶ አስሮ ቆርጦ ፈርሞ ወጥቷል፣ እሱ የለበትም። ከመኪናው ሥር ሆኖ ሰውነቱ ይበርዳል፣ ሞተሩ ፊቱ ላይ እየሞቀ ይበርደዋል፣ ሽቦዋ ባትኖር ኖሮ የረሳ ሰው ይሆን ነበር፣ ሰው ይረሳል፣ አሁን ግን አልረሳም፣ ሠርቷል፣ ሠርቶ ነው የጠፋበት፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው፣ ይሄን ነው ሲሸሸው የከረመው።

ደግሞም አይቼዋለሁ፣ ትላለች አለቃ፣ ድምፅዋ ይቀንሳል፣ ትናንት ከሰዓት አንተ ፀጉርህን ልትስተካከል ስትሄድ ከሥሯ ገብቼ ሁሉንም ፈትሻለሁ፣ አንድ በአንድ። ለምን፣ ይላል። ፊቷ ከብርሃኑ ይሸሻል። ለምን አለቃ።

ከዘይቱ ቀን ጀምሮ ነው፣ ይላል የሚስቱ ድምፅ ከላይ፣ የተገለበጠ ጣሳ ያን ያህል ሰጋቱራ አይፈጅም፣ እኔ የመካኒክ ሚስት ነኝ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያንተን ሱሪ ሳጥብ ከርሜ ዘይት ከላይ የፈሰሰና ከታች የፈሰሰ አልለይም መሰለህ። ቆጣ ያለች ትመስላለች። ጥቁሩ ጫማ በጫፉ መሬቱን ይመታል፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ያውቀዋል ይሄን፣ እንባዋ ሲመጣ እንዲህ ነው የምታደርገው፣ እግሯን መሬት ላይ ትመታና ትመልሰዋለች። ሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ትላለች፣ እንዴት እንደምነግርህ ሳስብ ነው የከረምኩት፣ አብረን ነው የምንገባው፣ ብቻህን አትገባም። ቀለሜ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ጎማዬን ልይ፣ ይላል፣ ቀለም የነካው ጫማ ቀስ ብሎ ይርቃል።

ስለዚህ ያውቃሉ። ሲያወሩበት ነበር፣ እሱ ሲገባ ዝም እያሉ፣ እሱ ከነሱ ሲደብቅ እነሱም ከሱ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ሲደባበቅ። ሊናደድ ይሞክራል፣ አይመጣለትም። ይፈራል ብቻ። ሰኞን ይፈራል፣ ነጭ ልብስ የለበሰው ሰው ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ሲለው፣ ከመቶ ሰባት እየቀነስክ ቁጠርልኝ ሲለው፣ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጨብጣ፣ ስትሰማ። ከሰኞ በኋላ ያለውን ይፈራል፣ እጁ ብቻውን ሲቀር። ከዚህ ባይወጣስ፣ እዚሁ ቢቆይ፣ እዚህ ሥር ዕድሜውን ሙሉ ኖሯል፣ እዚህ ሥር ሁሉም ነገር ስም አለው፣ ዘንግ፣ ዳዶ፣ ቱቦ፣ አንድም አልጠፋውም፣ እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ ስሙን በልቡ ይጠራል፣ አንድም አልጠፋውም።

መናገር አለበት። ቆሞ፣ ፊት ለፊት፣ ዓይናቸውን እያየ አይችልም፣ ከዚህ ግን፣ ለጫማ ግን።

ሐሙስን አላስታውሰውም፣ ይላል ለጫማዎቹ።

መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ያልፋል፣ ፍራሽ የጫነ ይሆናል።

መብራት መያዝሽን አላስታውስም፣ ሦስት መግዛቴን አላስታውስም፣ ምንም የለም እዚያ ጋ፣ ብፈልግ ብፈልግ የለም፣ ፈራሁ። ፈራሁ አለ። ይህን ቃል ለልጁ ብሎት ያውቃል፣ አያውቅም፣ ካለውም አያስታውሰውም። ጥቁሩ ጫማ መሬቱን መምታት ያቆማል። እሺ፣ ትላለች ሚስቱ፣ እሺ ሰውዬው፣ ሰማንህ፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ መኪናዋ አጠገብ፣ ጭንቅላቱ ባለበት በኩል ታስቀምጠዋለች፣ ትቀመጣለች፣ ጫማዋ ጆሮው አጠገብ ይመጣል።

ከዚያ ካርቶን መሬት ላይ ሲነጠፍ፣ አለቃ፣ ተይ፣ ልብስሽ፣ አትሰማም፣ አክስቷ ዘንድ ልትሄድበት የለበሰችውን ነጭ ሸሚዝ እንደለበሰች በጀርባዋ ትገባለች፣ ትከሻዋ ትከሻውን ይነካል፣ ሁለቱም ወደ ላይ ያያሉ፣ የብረቱን ሆድ፣ እሱ የበየደውን ወለል፣ ብየዳው ከዚህ ሲታይ አባጣ ጎርባጣ ነው፣ ማንም አያየውም ብሎ ነው። ትንፋሿ ይሰማዋል። እሷም ፈርታለች፣ ይሰማዋል፣ በአራት ዓመቷም ስትፈራ እንዲህ ነበር የምትተነፍሰው፣ ይሄ አለ፣ ይሄ አልሄደም።

ሐሙስ ከሥራ ስመጣ፣ ትላለች፣ ቀጥ ብላ ወደ ላይ እያየች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር፣ አንተ ጋራዥ በር ላይ ቆመህ ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩሽ አልከኝ፣ ለምን ብቻህን አትሠራም ስልህ፣ አለቃ ሳይኖር መሪ አይታሰርም አልክ። እንዲህ አልኩ። እንዲህ አልክ። ከዚያ ቱታዬን ለበስኩ፣ እጅጌው ስለረዘመብኝ አጠፍክልኝ፣ ሁለቱንም። እጅጌሽን። አዎ። ከዚያ ከሥር ገባህ፣ እኔ መብራቱን ስይዝልህ ዓይንህ ላይ አበራሁት፣ ሳላውቅ ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ምን እንዳልከኝ ታውቃለህ። አዎ ሊል ነው፣ አዎ ምላሱ ላይ መጥቷል፣ ለምዶበታል፣ ይውጠዋል። አላውቅም፣ ይላል። አለቃ፣ የምንጠግነው መኪናዋን እንጂ እኔን አይደለም አልከኝ፣ በጣም ነው የሳቅነው፣ እማዬ ምን ሆናችሁ ብላ እስክትመጣ ድረስ። መጥቻለሁ፣ ይላል ከላይ የሚስቱ ድምፅ፣ ምን እንደሚያስቃችሁ ግን አልነገራችሁኝም።

ይስቃል። የሌላ ሰው ቀልድ ነው፣ አንድ ሐሙስ የሚባል ቀን የኖረ ሰውዬ ቀልድ፣ ጥሩ ሰው ይመስላል፣ ልጁ የምትወደው፣ ይስቃል፣ ደረቱ ዝቅ ያለውን ብረት እየነካ ይስቃል፣ ከሳቁ ሥር ያ ነገር አልሄደም፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሰኞ ድረስ ይጠብቃል፣ ከሰኞም በኋላ፣ የአለቃን እጅ ይፈልጋል፣ ያገኘዋል፣ ግራሶ ነክቶታል።

ከዚያስ፣ ይላል።